ከቆቦ እስከ ስድስት ኪሎ፤ የአንድ መንገድ ታሪክ

ለቆቦ ልጅ "ስድስት ኪሎ ደረሰኝ" ማለት ለረጅም ዓመታት ሎተሪ ከመውጣት የማያንስ የምስራች ነበር። የማትሪክ ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ድልድል ሲታወቅ የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትምህርት ክፍሉን አልነበረም። "የት ደረሰው?" ይላል። መልሱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ እናት እልል ትላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል። ሐረማያ ወይም ጅማ ከሆነም ደስታ አለ፤ ግን እንደዚያኛው አይደለም።

ቆቦና አዲስ አበባ በአንድ አውራ ጎዳና የተገናኙ ናቸው፤ ርቀቱ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሮቢትን፣ ጎብዬን፣ ወልድያን፣ መርሳን፣ ሐይቅን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደብረ ብርሃንን እያለፈ ይደርሳል። ባለፉት 75 ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ ያልተመላለሰ ነገር የለም። ሻንጣ የያዘ ተማሪ ሄዶበታል፣ የተራበ ገበሬ ልጁን አዝሎ ሄዶበታል፣ ታንክ ሄዶበታል።

የአገሪቱ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው በር ወደ ውስጥ ነው የሚጻፈው፤ ማን መራው፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ተባረረ። ከቆቦና ከራያ ቆላ ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። የራያ ገበሬ መከራ ይህን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ባለቤት አድርጎታል። የዩኒቨርሲቲው ልጆች የጀመሩት ክርክር ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጦርነት ሆኖ በራያ ሜዳ ላይ አልፏል። በዚህ ሁሉ መሃል የራያ ልጅ በዚያ ግቢ የሚያገኘው ወንበር ከጥንትም ጥቂት ነበር፤ አሁን የበለጠ እየጠበበ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. የተበሰረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር በጣም ትንሽ ነበር። የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነው፤ ዛሬ አንድ የቆቦ መለስተኛ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች ያንሳል። ኮሌጁን ያቋቋሙት ካናዳዊው ዶ/ር ሉሲየን ማት የጀስዊት ቄስ ነበሩ። ኦርቶዶክስ በሆነ መንግሥት ውስጥ የካቶሊክ ቄስ ማስተማሩ ቅሬታ እንዳያመጣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው እንደማንኛውም መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው።

ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ የሆነበት አጋጣሚ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይገርማል። ዛሬ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ የሚባለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው። በታህሳስ 1953 ዓ.ም. የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑትም በዚሁ ቤተ መንግሥት ሳሎን ውስጥ ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች በዚያ ሰሞን ግልበጣውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ንጉሡ በዓመቱ፣ ታህሳስ 1954 ዓ.ም.፣ ደም የፈሰሰበትን ቤታቸውን ለትምህርት ሰጡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፣ የምሕንድስናው፣ የሕንጻው፣ የዓለማያ እርሻና የጎንደር ጤና ኮሌጆች ተጣምረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በሰልፍ የተቃወማቸውን ተማሪ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡት ማለት ነው። ፍቅር ነው ወይስ ስሌት? ምናልባት ሁለቱም። የሆነው ሆኖ ተማሪው በዚያ ግቢ ተቀምጦ 13 ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ነቀነቀው።

በዚያ ዘመን ከራያ ተነስቶ እዚህ ግቢ መድረስ ቀላል አልነበረም። ወሎ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂን ነበር። የቆቦ ልጅ ትምህርቱን ለመግፋት ከቤቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁ ከገበያተኛ ጋር እየተላከለት መማር ነበረበት። ይህን አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው ጥቂት ነው። የደረሰውም ቢሆን አዳሪነቱ ሲቀር ተቸግሯል። በ1950ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በተማሪዎቹ ግጥም ተቆጥቶ የአዳሪ ሥርዓቱን ሲያስቀር የአዲስ አበባ ልጅ ወደ ቤቱ ሄደ። የክፍለ ሀገሩ ልጅ ግን ቤት ፍለጋ ወጣ። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን መኝታና ምግብ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ለሩቅ አገር ልጅ ግማሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬም ወደዚሁ ጥያቄ እንመለሳለን።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው "መሬት ላራሹ" ብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ደንብ ሥራ ጀምሮ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል አለበት። አብዛኛው በአስተማሪነት ይመደባል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጭሰኛ በወረቀት ያነበበው ወጣት ጭሰኛውን በዓይኑ ያየው ያኔ ነው። መንግሥት ተማሪውን አገሩን ይወቅ ብሎ ላከው፤ አወቀና ተመለሰ።

ከወሎና ከአካባቢው የወጡት ልጆች በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ ከቁጥራቸው በላይ ጎልተዋል። የወይዘሮ ስሂኑ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት አጭር ጽሑፍ የአገሪቱን ፖለቲካ እስከ ዛሬ ታምሳለች። ከራያ ከፍ ብላ ካለችው ማይጨው የተወለደው የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታህሳስ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ተኮሰ። ዋለልኝም ከሦስት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ላይ ሞተ። ሁለቱም ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሳሉ ነው የተቀጩት።

የራያ ገበሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ታሪክ የገባው ግን በልጆቹ አይደለም፤ በረሃቡ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ከወሎ አውራጃዎች ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ያኔ አላማጣንና ኮረምን ጨምሮ ራያና ቆቦ ይባል የነበረው ነው። ዝናቡ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። በአስፋልቱ ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለዚህ ረሃብ ሲያጠና ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። ረሃቡ በበረታበት ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። በአገሪቱ እህል አልጠፋም፤ የወሎ ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ነው ያጣው። ገንዘብ ያለው ደግሞ መሃል አገር ነው። ስለዚህ እህሉ የተራበውን ሰው እያለፈ ወደ ከተማ ሄደ፤ በዚያው መንገድ።

መንግሥት ጉዳዩን ሸፋፈነው። በ1965 ዓ.ም. የበልግ ወራት ከዩኒቨርሲቲው የተነሱ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አነሱ፤ ተመልሰውም ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ለእይታ አቀረቡት። በቴሌቪዥን ያልታየ፣ በጋዜጣ ያልተጻፈ ነገር በዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም ያሳየው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ታሪክ ዲምብልቢን ያስታውሳል፤ መምህራኑን ግን እምብዛም አያነሳቸውም። ይህ ትክክል አይደለም። ያቺ ኤግዚቢሽን ይህ ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የምትበልጥ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ረሃቡን የደበቁት ባለሥልጣናት ጉዳይ በመርማሪ ኮሚሽን እንዲጣራ ተደረገ፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጥሎ በቴሌቪዥን ታየ። የወሎ ገበሬ ምስል ዙፋን ለመጣል አገለገለ። ገበሬው ራሱ ምን አገኘ? መሬት አገኘ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ተማሪው አሥር ዓመት የጮኸለት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው አዋጁን አስተምረዋል።

አሥር ዓመት ቆይቶ ግን ረሃቡ ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ታየች። ከወሎ የተነሱ ሰፋሪዎች ወደ መተከልና ጋምቤላ ሲጓዙ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን ደግሞ ጎጆ እንዲሠሩ ቀድመው ተልከው ነበር። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡን በፎቶ ያጋለጠ ተቋም በ1977 ዓ.ም. መንግሥት የወሰነውን የሚፈጽም የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። በዚህ መሃል ቀይ ሽብር አልፏል። የተናገረው ትውልድ ሞቶ፣ ተሰዶ ወይም ጫካ ገብቶ ነበር።

ጫካ የገቡት ነገር ራያን በቀጥታ ይነካል። ኢሕአፓም ሆነ ሕወሓት የስድስት ኪሎ ክርክር ውላጆች ናቸው። መለስ ዜናዊ ከሕክምና ትምህርቱ አቋርጦ የወጣው ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። በግቢው ካፍቴሪያ የተጀመረው "ብሔር ወይስ መደብ" የሚለው ጭቅጭቅ በጠመንጃ ሲቀጥል ከሰሜን ወደ መሃል አገር የሚወስደው መንገድ ራያ ላይ ያልፋልና ቆቦ ደጋግማ የጦር ግንባር ሆነች። የቆቦ ገበሬ ያንን ጽሑፍ አላነበበም። ዋጋውን ግን ከፍሏል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስድስት ኪሎ ሌላ ዓይነት ፈተና ገጠመው። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በ1993 ዓ.ም. ተማሪው ፖሊስ ከግቢ ይውጣ ብሎ ሲነሳ ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ ብዙ ሰው ሞተ። ያም ሆኖ የስሙ ክብደት አልቀነሰም። ለአንድ የክፍለ ሀገር ተማሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማለት ኬኔዲ ላይብረሪ ማለት ነው፣ ጥቁር አንበሳ ማለት ነው፣ ሥራ ቀጣሪው የሚያውቀው ዲግሪ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን አዲስ አበባ ማለት ነው። ይህን ማሳነስ አይገባም። ከክፍል ውጪ ያለው ከተማ፣ መጻሕፍት መደብሩ፣ ቲያትር ቤቱ፣ የማታ ሥራው፣ ትውውቁ ራሱ ትምህርት ነው። ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከመጣ በኋላም ምግቡና ዶርሙ በብድር ስለነበር የድሃ ልጅ መማር ይችል ነበር። ማትሪክን ካለፈ መንግሥት ያስገባዋል፤ የአባቱን ኪስ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ እየበዛ መጣ። ደርግ ሲወድቅ በጣት የሚቆጠሩት ተቋማት ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ በ2000 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት ከእነ ደብረ ታቦር፣ አሶሳና አዲግራት ጋር በ2004 ዓ.ም. ተከፈተ። ለቆቦ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 570 ኪሎ ሜትር የነበረው ርቀት 50 ሆነ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት ዩኒቨርሲቲ መጣ። የእርሻ ኮሌጁ መርሳ ላይ መሆኑም ለማሽላ አገር ትርጉም ነበረው፤ የራያን ቆላ አቀንጭራ የሚያጠና ሰው ከአዲስ አበባ መምጣት አይጠበቅበትም።

ነገር ግን በድልድል ሥርዓቱ የቆቦ ልጅ ወልድያ፣ የወለጋ ልጅ ወልድያ፣ ሌላው የቆቦ ልጅ ደግሞ ደምቢ ዶሎ ሊመደብ ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወጣቱ ይተዋወቅ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን መተዋወቁ ወደ ሬሳ ተለወጠ። ጥቅምት 29 ቀን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ጠቡ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። በኅዳር ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ከአማራ ክልል የሄዱ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። ከዚያ ወዲህ "የት ደረሰው?" የሚለው ጥያቄ የደስታ ብቻ መሆኑ ቀረ። እናት እልል ከማለቷ በፊት ካርታ ማየት ጀመረች።

ጦርነቱ ደግሞ ቅርቡንም ዩኒቨርሲቲ አላስተረፈም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሕወሓት ኃይሎች ቆቦንና ወልድያን ያዙ። ጳጉሜን 4 ቀን ቆቦ ውስጥ የተፈጸመውን የሰላማዊ ሰዎች ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። የኢትዮጵያ ጦር በታህሳስ 2014 ዓ.ም. አካባቢውን መልሶ ሲይዝ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎና ተሰባብሮ ተገኘ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲጀመር የተጀመረው እዚያው ቆቦ ዙሪያ ነው። በዓመቱ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልሉ ግጭት ፈነዳ። በሦስት ክረምት ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አንድ የቆቦ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ 12ኛ እስኪጨርስ ያለ ተኩስ ያሳለፈው የትምህርት ዓመት ስንት እንደሆነ ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

የትምህርት ሚኒስቴር የፈተናውን ሥርዓት የቀየረው በዚሁ መሃል ነው። ስርቆት ስለበዛ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ለማለፍ ደግሞ ግማሹን ማምጣት ግድ ሆነ። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰጥ በራያ በኩል ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያለፉት 3.3 በመቶ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የኩረጃው መቆም ተገቢ ነው፤ ይህን የሚከራከር ሰው የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ኩረጃ ሲቆም የታየው እውነተኛ ውጤት የማን ውድቀት ነው? ለሁለት ዓመት አስተማሪ ያላየ ልጅና በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ይወዳደራሉ። ለተቀሩት የማካካሻ ትምህርት ተፈቅዷል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ያም የሚደርሰው ለተወሰነው ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራሱ ተለወጠ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹን በራሱ መግቢያ ፈተና ይመርጣል፤ ከፍሎ የሚማር ይቀበላል። ለራስ ገዝነቱ የሚቀርበው ምክንያት ጠንካራ ነው። በ1985 ዓ.ም. መምህራኑ በአንድ ደብዳቤ የተባረሩበት ተቋም ከመንግሥት እጅ መውጣቱን የሚጠላ ምሁር የለም። ነገር ግን ነጻነቱ ከክፍያው ጋር ተያይዞ መጣ። መንግሥት የሚከፍልላቸው ተማሪዎች ቢኖሩም ቀድሞ "ካለፍክ ትገባለህ" ይባል የነበረው ነገር አሁን ምዝገባ፣ ሌላ ፈተናና የቤተሰብ አቅም ተጨምሮበታል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ዘመን በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ለቆቦ ልጅ ምን እንደሆነ አስቡት። በ1950ዎቹ አዳሪነት ሲቀር ቤት ፍለጋ የወጣው የክፍለ ሀገር ልጅ ዛሬ ግቢው በር ድረስም አይመጣም።

በሩ ሲጠብ ደግሞ ሌላ መንገድ ክፍት ነው። ከቆቦ ወደ ምሥራቅ፣ የዞብልን ተራራ ተሻግሮ ወደ አፋር፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። ከራያና ከሰሜን ወሎ በዚህ የሚሄደው ወጣት ብዛት ለማንም አዲስ አይደለም። ደላላው መግቢያ ፈተና አይሰጥም፤ ቅድሚያ ክፍያም ሳይጠይቅ የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ ዕዳውን የሚያስከፍለው መንገድ ላይ ይዞ ለቤተሰብ በማስደወል ነው። አባቱ ለስድስት ኪሎ የሚከፍለው ያጣ ልጅ ለዚህኛው በሬ ይሸጥለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው "የዛሬ ልጅ ትምህርት ጠላ" የሚለውን ወሬ በቀላሉ አይቀበለውም። ልጁ የተዘጋውንና የተከፈተውን በር አይቷል።

አሁንም ቢሆን የፈተና ሰሞን ሲደርስ የቆቦ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይጓዛሉ። በር ላይ ይፈተሻሉ። ስልክ አይገባም። ዶርም ይመደብላቸዋል፣ ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ፣ ማታ በግቢው መብራት ስር ያጠናሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ አልጋ ላይ ሲተኙ የመጀመሪያቸው ነው፤ በየዓመቱ እንደሚወጣው ውጤት ከሆነ ከመቶው ከዘጠና ለሚበልጡት የመጨረሻቸውም ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አውቶቡሱ ይመጣና በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ወደ ቆቦ ይመልሳቸዋል።